ስለ ሦስቱ ክቦችና ስለ ፕሮቶን ስፒን

በፊዚክስ ትምህርት ስለ ፕሮቶን በተነሣ ቁጥር መምህሩ ጠመኔ አንሥተው በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብ ይሥላሉ። በትልቁ ክብ ውስጥም ሦስት ትናንሽ ክቦች ያስገባሉ፤ ሁለቱ «አፕ» የሚባሉ ኳርኮች፣ አንዱ «ዳውን» የሚባል ኳርክ ናቸው። ቀጥሎም በየክቡ ላይ ቀስት ይሠራሉ፤ ሁለቱ ቀስቶች ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ያመለክታሉ። ግማሽና ግማሽ አንድ፤ ከአንድ ላይ ግማሽ ሲነሣ ግማሽ። የፕሮቶን ስፒንም ግማሽ ነውና ሒሳቡ ገጠመ። ተማሪው በደብተሩ ይገለብጣል፤ ለፈተና ያጠናዋል፤ ተጠይቆ ይመልሳል፤ ነጥቡን ይወስዳል።

እኛ የምንለው፣ ሒሳቡ ቢገጥምም ነገሩ እንዲያ አይደለም ነው። እንዲያ አለመሆኑም ከተለካ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። የፕሮቶን ስፒን ከወዴት እንደሚመጣ ዛሬም በሙሉ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን አለማወቅ ከተማሪ መሸሸግ ደግሞ የተሳሳተ መልስ ከማስተማር የባሰ ጉዳት አለው ብለን እናምናለንና፣ ጉዳዩን ለአንባቢያን፣ በተለይም ለመምህሮቻችን ማቅረብ ወደድን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «ስፒን» የሚለውን ቃል ሽክርክሪት ብለን ብንተረጉመው ወዲያው በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ፈታይዋ የምታሾረው እንዝርት ነው። እንዝርት ግን እንደ ፈታይዋ እጅ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፤ ደክሞም ይወድቃል። ፕሮቶን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። በጣና ውሃ ውስጥ ያለውም ፕሮቶን፣ በፀሐይ ሆድ ውስጥ ያለውም ፕሮቶን ስፒኑ አንድ ነው፤ ይኸውም የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ለሁለት ፓይ ሲካፈል ከሚገኘው መስፈሪያ ግማሹ ነው። ከዚህ ጥቂት እንኳ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ፕሮቶን ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ ቃሉን ሳንተረጉም «ስፒን» ብለን ብንተወው ይሻላል፤ እንዝርቱ ያሳስታልና። ለኤሌክትሮን ስፒን አለው ብለው በ1925 ያሰቡት ኡሌንቤክና ጉድስሚት ናቸው። የፕሮቶንም ስፒን ግማሽ መሆኑን በ1927 ዴኒሰን ያወጣው፣ የሃይድሮጅን ጋዝ በብርቱ ብርድ ውስጥ ሙቀት የሚቀበልበትን ሁኔታ መርምሮ ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ወደ ሆስፒታል ሄዶ የኤም.አር.አይ. መሣሪያ ይመልከት። መሣሪያው በአዲስ አበባም አለ። በሽተኛው በማግኔቱ ውስጥ ሲተኛ የሚጠየቁት በሰውነቱ ውሃና ስብ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን ፕሮቶኖች ናቸው። የማግኔቱ ኃይል 1.5 ቴስላ ቢሆን የፕሮቶኑ ስፒን በማግኔቱ መስመር ዙሪያ በሴኮንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በዚሁ ልክ የተቃኘ የራዲዮ ሞገድ ሲላክበት ይመልሳል፤ ከመልሱም የአንጎል ወይም የጉልበት ሥዕል ይወጣል። ለዚህ መንገድ የከፈቱት ብሎክና ፐርሴል በ1946 ያደረጉት ሥራ ነው፤ በ1952 የኖቤል ሽልማት አሰጥቷቸዋል። ፐርሴል ከኢዌን ጋር ሆኖ በ1951 ደግሞ ከሰማይ የሚመጣውን 21 ሴንቲ ሜትር የራዲዮ ሞገድ ያዘ። ይህ ሞገድ የሚወለደው በሃይድሮጅን አተም ውስጥ የኤሌክትሮኑ ስፒን ከፕሮቶኑ ስፒን አንፃር ሲገለበጥ ነው። እንግዲህ በዚህ በስፒን ሐኪሙ ሕመም ይፈልግበታል፤ የከዋክብት መርማሪውም የጋላክሲያችንን ክንዶች ሥሎበታል። ሁለቱም ምንጩን ሳያውቁ ይጠቀሙበታል። ይህን ስንል ነቀፋችን በእነርሱ ላይ አይደለም፤ ምንጩን ሳያውቁ ከወንዙ መጠጣት የሰው ልጅ የቆየ ልማዱ ነው።

ፕሮቶን ከውጭ እንደሚታየው ቀላል ነገር አለመሆኑን ያስጠነቀቀው የመጀመሪያው ቁጥር የመጣው በ1933 ከሐምቡርግ ነው። ኦቶ ሽተርን ከባልደረቦቹ ጋር የፕሮቶንን የማግኔትነት መጠን ለካ። ፕሮቶን ውስጥ የሌለው ነጥብ ቢሆን ኖሮ፣ በዲራክ እኩልታ መሠረት ቁጥሩ 1 መሆን ነበረበት። የቲዎሪ ሰዎችም መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ለምን ትደክማለህ ይሉት እንደ ነበር ይነገራል። እርሱ ግን ደክሞ ለካ፤ ያገኘውም 2.5 ያህል ነበር። ዛሬ ተጣርቶ የታወቀው ቁጥር 2.793 ነው። ሽተርን በዚያው ዓመት ናዚዎች ሥልጣን በመያዛቸው ጀርመንን ለቆ ወጣ፤ የ1943ን የኖቤል ሽልማትም በስደት አገሩ በአሜሪካ ሆኖ አገኘ። የሐምቡርግን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስቱ ክቦች የተወለዱት በ1964 ነው። መሪ ጌልማንና ጆርጅ ዝዋይግ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር፣ ፕሮቶን ከሦስት ቅንጣቶች የተሠራ ነው የሚል አሳብ አቀረቡ። ከ1967 ጀምሮም በስታንፎርድ ኤሌክትሮኖችን ወደ ፕሮቶን እየወረወሩ በውስጡ ጠጣር ነጥቦች መኖራቸውን አዩ፤ ለዚህም ፍሪድማን፣ ኬንዳልና ቴይለር በ1990 ተሸልመዋል። እዚህ ላይ ለሥዕሉ ፍርዱን በትክክል መስጠት ይገባናል። ሥዕሉ የስንፍና ሥራ አይደለም። ሁለት ቀስት ወደ ላይ አንድ ወደ ታች ብሎ የተነሣ ሰው፣ የኒውትሮን ማግኔትነት ለፕሮቶን ማግኔትነት ሲካፈል ስንት እንደሚመጣ በአንድ ወረቀት ላይ ማስላት ይችላል፤ መልሱ ከዜሮ በታች ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም -0.667 ነው። ተለክቶ የተገኘው -0.685 ነው። በሦስት ክቦችና በሦስት ቀስቶች ብቻ ወደ እውነቱ ይህን ያህል መቅረብ የሚያስደንቅ ነው። እንዲህ ያለ ድል ያየ ሰው ቀስቶቹን ቢያምን አይፈረድበትም። በኋላ ስሌቱ ሲጠራ ከኳርኮቹ ስፒን የሚጠበቀው ድርሻ ዝቅ ብሎ 60 ከመቶ አካባቢ ሆነ፤ በ1974 ኤሊስና ጃፌ ያወጡት ደንብ ወደዚህ ይመራል። ግን 60 ከመቶም ቢሆን አለቃው ኳርኩ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በጄኔቫ አጠገብ ባለው በሰርን ላቦራቶሪ «የአውሮፓ ሚዩዎን ማኅበር» የተባለ የተመራማሪዎች ቡድን በ1980ዎቹ አንድ ሙከራ አደረገ። ሙከራውን ጠንቅቆ ማወቅ ለክርክራችን አስፈላጊ ነውና አንባቢ ይታገሠን።

ሚዩዎን የኤሌክትሮን ዘመድ ነው፤ ክብደቱ ግን 207 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ፓዮን የሚባለው ቅንጣት ሲፈርስ ሚዩዎን ይወለዳል፤ ሲወለድም ስፒኑ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፎ ይመጣል። ይህ ተፈጥሮ በነፃ የሰጠችው ነው። ዒላማው ግን በነፃ አይገኝም። የፕሮቶኖቹን ስፒን ለማሰለፍ አሞኒያ ወደ ጠጣርነት ቀዝቅዞ፣ በብርቱ ማግኔት ውስጥ ገብቶ፣ በማይክሮዌቭ ይገራል። ይህ ሁሉ ተደርጎም፣ በአንድ የአሞኒያ ሞለኪውል ውስጥ ካሉት 17 ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች መካከል ለሥራው የሚጠቅሙት የሃይድሮጅኖቹ 3 ፕሮቶኖች ብቻ ናቸው። የቀሩት 14ቱ በናይትሮጅን ውስጥ ሆነው ቆጠራውን ያደበዝዛሉ። ተመራማሪው የሚቈጥረው፣ የሚዩዎኑና የፕሮቶኑ ስፒን ፊት ለፊት ሲሆኑ ስንት ሚዩዎን እንደ ተበተነ፣ በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑስ ስንት እንደ ተበተነ ነው። ከልዩነቱ የኳርኮቹ ስፒን ወዴት እንደሚያመለክት ይታወቃል።

ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ቈጣሪው መሣሪያ አንድ ቀን ጥቂት ቢዛነፍ ያንኑ ልዩነት ሊያስመስል ይችላል። ይህን ለመከላከል ዒላማውን ለሁለት ከፍለው በአንደኛው ክፍል ያሉትን ፕሮቶኖች ወደ ፊት፣ በሁለተኛው ያሉትን ወደ ኋላ አሰለፉ፤ አንዱ ጨረር ሁለቱንም አከታትሎ ያልፍባቸዋል። ከዚያም አቅጣጫውን ገለበጡና እንደገና ቈጠሩ። በእኛ አስተያየት ከውጤቱ ይልቅ መደነቅ የሚገባው ይህ ጥንቃቄ ነው። ውጤቱ ማንም ያልጠበቀው ሆኖ ሲመጣ፣ ቈጣሪዎቹን አጭበርባሪ ከመባል ያዳናቸው እርሱ ነውና።

ውጤቱ በ1988 ታተመ፤ ሰፊው ዘገባም በ1989 ተከተለ። በኤሊስና በጃፌ ደንብ 0.189 ይሆናል የተባለው ድምር 0.126 ሆኖ ተገኘ። ይህ ወደ ኳርኮቹ ድርሻ ሲመነዘር 12 ከመቶ ነው፤ የቈጠራው ስሕተት በ9፣ የመሣሪያው በ14 ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። በሌላ አነጋገር ቁጥሩ ዜሮ ነው ቢባልም የሚቃወም ማስረጃ አልነበረም። ሁለቱ ቀስት ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች የተባለው ሥዕል መቶ ከመቶ ይላል፤ የተጠራው ስሌት 60 ይላል፤ ፕሮቶኑ ራሱ ሲጠየቅ 12 አለ።

ከዚህ በፊት ግን በስታንፎርድ በቨርነን ሂውዝ መሪነት ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ ከኳርክ ሥዕል ጋር ተስማምቶ ነበር። ታዲያ እንዴት? አንዱ ሐሰተኛ ሊሆን ይገባዋል የሚል ይኖራል። ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። ነገሩ ያለው በአንዲት ቁጥር ላይ ነው፤ ይህችም «ኤክስ» የምትባለዋና የተመታው ኳርክ ከፕሮቶኑ ጠቅላላ ሞመንተም ምን ያህሉን እንደ ተሸከመ የምትናገረው ናት። የስታንፎርዱ ሙከራ የተመለከተው ከአንድ ዐሥረኛ በላይ የሚሸከሙትን ትላልቆቹን ኳርኮች ነው። የሰርኑ ሙከራ፣ ጨረሩ ብርቱ ስለ ነበረ፣ እስከ አንድ መቶኛ ድረስ ወርዶ ትንንሾቹንም አየ። በትላልቆቹ ዘንድ ሁለቱ ሙከራዎች አንድ ቃል ተናገሩ። የጎደለው የጎደለው ከታች፣ ማንም ዓይኑን ካላሳረፈበት ከብዙዎቹ ትንንሾች ዘንድ ነበር። ቀድሞ የነበሩት ሊቃውንት ያላዩትን ሥፍራ ካዩት እያስረዘሙ በግምት ሞልተውት ነበርና።

ወዲያው «የስፒን ቀውስ» የሚል ስም ወጣ። እኛ ይህን ስም አንወደውም። ቀውስ የሚባለው መሠረት ሲናጋ ነው፤ እዚህ የተናጋ መሠረት የለም። ስለ ኳርኮችና ስለሚያጣብቋቸው ግሉዎኖች የሚናገረው ትልቁ ቲዎሪ ፕሮቶን ሦስት ክቦች ብቻ ነው ብሎ አያውቅም። እንዲያውም ውስጡ የሚፈላ ድስት ነው ይላል፤ ግሉዎኖች ይወለዳሉ፣ ይከፈላሉ፤ ኳርክና ተቃራኒ ኳርክ ጥንድ ሆነው ብቅ ይላሉ፣ ተመልሰው ይጠፋሉ። ክብደቱንም ብናይ የሦስቱ ኳርኮች ክብደት ቢደመር ከፕሮቶን ክብደት አንድ ከመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው የዚያ ፍላት ጉልበት ነው። በክብደቱ አንድ ከመቶ የሆኑ ሦስት ጌቶች በስፒኑ መቶ ከመቶ ይሁኑ ብሎ የፈረደው ልማድ እንጂ ቲዎሪው አይደለም። ከዚህም በላይ ብዮርከን በ1966 ያወጣው፣ የፕሮቶንንና የኒውትሮንን ልዩነት የሚመለከተው ደንብ፣ ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ሙከራዎች ተፈትኖ ቆሟል። ብዮርከን ራሱ እኩልታውን ባወጣበት ጽሑፍ ዋጋ ቢስ ብሎ ነቅፎት እንደ ነበር ስናስብ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል።

ከ1988 በኋላ የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። በሰርንና በስታንፎርድ ሙከራው በተሻለ መሣሪያ ተደገመ። በጀርመን «ሄርሜስ» የተባለው ሙከራ ከ1995 እስከ 2007 ሠራ፤ ቦታው ሐምቡርግ ነው፤ ሽተርን የፕሮቶንን ማግኔትነት የለካባት ከተማ ከስድሳ ዓመት በኋላ ወደዚያው ጥያቄ ተመለሰች። በሰርንም «ኮምፓስ» የተባለው ተተካ። ዛሬ ሁሉም የሚስማሙበት የኳርኮች ስፒን ድርሻ 30 ከመቶ አካባቢ ነው። ከ12 ይሻላል፤ ከ60 ግን ግማሹ ነው።

የቀረው 70 ከመቶ ወዴት ሄደ? መጀመሪያ የተጠረጠሩት ግሉዎኖች ናቸው። በ1988 አልታሬሊና ሮስ፣ ኤፍሬሞቭና ቴርያየቭም፣ የግሉዎኖች ስፒን ተሰልፎ እጅግ ትልቅ ቢሆን የኳርኮቹን ድርሻ ሸፍኖ ዝቅ ሊያስመስለው ይችላል አሉ። አሳቡ ያማረ ነበር። ለዚህ ግን የግሉዎኖች ድርሻ ከፕሮቶኑ ጠቅላላ ስፒን ብዙ እጥፍ መሆን ነበረበት፤ ይህንንም ትርፍ የሚያጠፋ ተቃራኒ ዙረት ያስፈልግ ነበር። ነገሩን ለመቍረጥ በኒው ዮርክ ግዛት በሎንግ አይላንድ፣ በብሩክሄቨን ላቦራቶሪ፣ ስፒናቸው የተሰለፈ ፕሮቶኖችን ከተሰለፉ ፕሮቶኖች ጋር ማጋጨት ተጀመረ። የማጋጫው ቀለበት ዙሪያው 3.8 ኪሎ ሜትር ነው። ፕሮቶኖቹ ሲፈጥኑ ሰልፋቸው እንዳይፈርስ በየመንገዱ ስፒናቸውን የሚገለብጡ ጠምዛዛ ማግኔቶች ተተክለዋል። የእነዚህ ስም «የሳይቤሪያ እባብ» ነው፤ አሳቡ የመጣው ከኖቮሲቢርስክ ሰዎች ነውና። (ፊዚክስ ደረቅ ትምህርት ነው ለሚሉ ጓደኞቻችን ይህን ስም ይንገሩልን።)

ከብዙ ዓመት ቈጠራ በኋላ በ2014 መልስ መጣ። ግሉዎኖች ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ ነገር ግን እንደ ተገመተው ግዙፍ ድርሻ የላቸውም። ከሞመንተሙ ከ0.05 በላይ የሚሸከሙት ግሉዎኖች ድርሻ ከጠቅላላው ስፒን 40 ከመቶ ያህል ሆኖ ተሰላ። ከ0.05 በታች ስላሉትና ቍጥራቸው እጅግ ለበዛው ግን ሙከራው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ስሕተቱ ከመልሱ ይሰፋል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች ቸኵለው ይደምራሉ። 30 ከኳርክ፣ 40 ከግሉዎን፣ የቀረው 30 ኳርኮቹና ግሉዎኖቹ በፕሮቶን ውስጥ ሲዞሩ ከሚፈጥሩት ዙረት፤ መዝገቡ ተዘጋ። ይህን አካሄድ ከሦስቱ ክቦች ሒሳብ ለይተን አናየውም። ያን ጊዜም ከ0.1 በታች ያለውን ሳያዩ ሞሉ፤ አሁንም ከ0.05 በታች ያለውን ሳያዩ ይዘጋሉ። ዙረቱም ከጠቅላላው ተቀንሶ የተገኘ እንጂ በቀጥታ ተለክቶ የታወቀ አይደለም። ተቀንሶ የተገኘ ቁጥር ደግሞ የሌሎቹን ስሕተት ሁሉ ተሸክሞ ይኖራል።

ከዚህም የጠለቀ ክርክር አለ። በ1990 ጃፌና ማኖሃር የፕሮቶንን ስፒን በአራት ከፈሉት፤ የኳርክ ስፒን፣ የግሉዎን ስፒን፣ የኳርክ ዙረት፣ የግሉዎን ዙረት ብለው። በ1997 ሺያንግዶንግ ጂ በሌላ መንገድ ከፈለው፤ በእርሱ አከፋፈል የኳርኩ ዙረት በሙከራ ሊደረስበት ይችላል፤ የግሉዎኑ ግን ስፒንና ዙረት ሳይለይ በአንድነት ይቀመጣል። ሁለቱም ሲደመሩ ግማሽ ይሆናሉ። ክፍሎቹ ግን በሁለቱ ዘንድ እኩል አይደሉም። ነገሩ በደቦ እንደ ታጨደ ማሳ ነው። ማሳው መታጨዱ የታወቀ ነው፤ ነዶውም ተቈጥሯል። ግን የማን ድርሻ ስንት ነው ቢባል፣ ማጭዱን የያዘው፣ ነዶውን ያሰረው፣ ዘፈኑን ያወጣው እንዴት ይመዘናል? አንዱ በማጭድ ይቈጥራል፣ ሌላው በነዶ። ግሉዎንም ኳርኩን ሲይዝና ኳርኩም ግሉዎን ሲተፋ፣ የትኛው ዙረት የማን እንደሆነ ለመለየት አስቀድሞ የመለያውን ደንብ መምረጥ ግድ ይላል። ይህ ግን ጥያቄው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እያንዳንዱ አከፋፈል በቍርጥ ከታወቀ የሚለካ ነገር አለው፤ በትልልቅ ኮምፒዩተሮችም ቲዎሪውን በነጥብ ፍርግርግ ላይ ዘርግተው የሚያሰሉ ቡድኖች ሥራቸውን ይዘዋል። በ2017 የታተመ አንድ እንዲህ ያለ ስሌት የግሉዎንን ስፒን ድርሻ ከጠቅላላው ግማሽ ያህል ብሎታል።

አሁን ስለ ራሳችን ክፍል እንናገር። «ይህን ለጀማሪ ተማሪ መንገር ማደናገር ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ይህን መልስ በአክብሮት እንቃወማለን። የቦርን አተም፣ ኤሌክትሮኖች እንደ ፕላኔት የሚዞሩበትን፣ እንማር የለምን? እንማራለን። ግን ያን ስንማር 1913 የሚል ዓመት ይነገረናል፤ የት ድረስ እንደ ሠራና የት ላይ እንደ ወደቀ ይነገረናል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ተተካ ይነገረናል። በዚህ የተደናገረ ተማሪ አላየንም። የሦስቱ ክቦች ሥዕል ግን ያለ ዓመት፣ ያለ ወሰን ይሰጠናል። የ1964ቱ ሥዕል በሰሌዳ ላይ ዛሬ እንደ ተገኘ እውነት ይቆማል፤ የ1988ቱ ቁጥር ግን በሩን አያልፍም። ጥፋቱን በመምህሮቻችን ላይ መጫን አንፈልግም፤ እጃቸው ላይ ያለው መጽሐፍ እንዲህ ሲል አብሯቸው ተምሯል። ሥዕሉ ይሰረዝ አላልንም፤ ለማግኔትነቱ ስሌት እጅግ ይጠቅማልና። ከሥሩ ዓመቱና ወሰኑ ይጻፍበት ነው ያልነው።

ሌላው መልስ ከጓደኞቻችን የሚመጣ ነው። ሀገራችን ብዙ ያልተሟላላት ነገር እያለ የፕሮቶን ስፒን ምን ያደርግልናል? እኛ ማጋጫ የለን፣ የሳይቤሪያ እባብ የለን። እውነት ነው፣ የለንም። ዛሬ ግን የጠየቅነው ማጋጫ አይደለም። የሙከራዎቹ ሰንጠረዦች ታትመው ለሁሉ ክፍት ናቸው፤ ለማንበብ ገንዘብ አይጠየቅባቸውም። በብሩክሄቨን በዚያው ቀለበት ቦታ ኤሌክትሮንን ከፕሮቶን የሚያጋጭ አዲስ መሣሪያ እንዲሠራ በ2020 ተወስኗል፤ ሥራ ይጀምራል የሚባለውም በ2030ዎቹ ነው። ኤክስ ከ0.001 በታች ወርዶ እስከ አሁን ያልታዩትን ግሉዎኖች ይመለከታል። ያን ጊዜ ቁጥሮቹን ለማንበብ የሚበቃ ሰው ከእኛ መካከል ይገኝ እንደሆነ የሚወሰነው ዛሬ በሁለተኛው ዓመት ክፍል ውስጥ በሚነገረው ነው። ነገሩ አልቋል የተባለ ልጅ ለምን ብሎ ይከታተላል?

ስለዚህ ለፊዚክስ ክፍል አንድ የቤት ሥራ እናቀርባለን። የሰርኑን የ1989 ሰንጠረዥ ለተማሪው ስጡት፤ የጥቂት መስመሮች ሰንጠረዥ ነው። ተማሪው ነጥቦቹን በግራፍ ወረቀት ላይ ያስቀምጥ። በመጀመሪያ ከ0.1 በላይ ያሉትን ብቻ ይዞ፣ መስመሩን ወደ ታች በልቡ ግምት ያስረዝም፣ ከመስመሩ በታች ያለውንም ስፋት ይደምር። ቀጥሎ ከ0.1 በታች ያሉትን ነጥቦች ጨምሮ እንደገና ይደምር። (የስቴንስል ወረቀት ጥምዝ መስመር ስለማይቀበልልን ግራፉን እዚህ ልናወጣው አልቻልንም።) ሁለቱ ድምሮች የሚለያዩበትን ልክ በገዛ እጁ ሲያየው፣ ሊቃውንቱ በ1988 ያዩትን ያያል። በፈተናም ላይ «የፕሮቶን ስፒን ከምን ይመጣል?» ተብሎ ለአምስት ነጥብ በሚጠየቅበት ቦታ፣ «ከኳርኮች ስፒን ስንት ከመቶው ተለክቷል? የትኛውስ ክፍል ገና አልተለካም?» ተብሎ ይጠየቅ። ሰንጠረዡን ገልብጦ ለሚያባዛ፣ ወረቀቱንና ቀለሙን የተማሪዎች ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይሰጣል።